ሳይነገር የቀረ ሕመም አይቆጠርም
በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



የዛሬው ርእሳችን ብዙዎቻችን በየቤታችን ይዘነው የምንቀመጠው፣ በስብሰባ ላይ ግን የማናነሣው ነው። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሲያገለግሉ የተጎዱ ልጆቻችንን ጉዳይ ማለቴ ነው። ልጆቻችን ወደ ውትድርና የገቡት በተለያየ መንገድ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ የገባ አለ። እዚህ ተወልዶ ለኮሌጅ ክፍያ ብሎ የፈረመ አለ። ጦሩ ከ2008 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ቋንቋ የሚያውቁ የውጭ ዜጎችን በመለመለበት፣ ማቭኒ በሚባለው ፕሮግራም፣ አማርኛ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ስለነበር በዚያ በኩል የገቡም አሉ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ልጁ ሲገባ ሁላችንም ጸለይን፤ ሲመረቅም አጨበጨብን። ከዚያ አንድ ቀን ይደውልና «እማዬ፣ ሜዲካል ቦርድ ሊያስገቡኝ ነው» ይላል። እናት ይህን ስትሰማ የምታስበው ስለ ጤናው ብቻ ነው። ልጁ ደግሞ ቶሎ ጨርሶ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። በዚህ መሐል የዕድሜ ልክ ጉዳይ በጥቂት ወረቀቶች ላይ ተወስኖ ያልፋል። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ቦርዱ የሚፈርደው ልጃችን በተሰማው ሕመም ላይ አይደለም፤ በተጻፈው ሕመም ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ሕመማቸውን ሁሉ እንዲናገሩ፣ የተናገሩት በወረቀት ላይ እንዲሰፍር፣ ያነበቡትንም ሳይቸኩሉ እንዲፈርሙ ማገዝ የእኛ ድርሻ ነው።

በአገር ቤት «እገሌ በቦርድ ወጣ» ሲባል ሰምተን አድገናል። ቆስሎ ወይም ታሞ ከጦሩ ተሰናበተ ማለት ነው። እዚህም ነገሩ በመሠረቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ሁለት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ሰው ላይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መጠየቃቸው ነው። ጦሩ የሚጠይቀው፣ «ይህ ሰው በማዕረጉና በሙያው የሚጠበቅበትን ሥራ መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም?» ብሎ ነው። የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም ቪ ኤ የምንለው፣ የሚጠይቀው ደግሞ፣ «በአገልግሎቱ ምክንያት ምን ምን ጉዳት ደረሰበት? እያንዳንዱስ ስንት በመቶ ነው?» ብሎ ነው። ጦሩ የሚቆጥረው ከሥራ ያስወጣውን ጉዳት ብቻ ነው። ቪ ኤ ግን ከአገልግሎት ጋር የተያያዘውን ሁሉ ይቆጥራል። አንድ ልጅ ከሁለቱ ቦታ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይዞ ሲመጣ ግራ አይግባችሁ፤ ስሕተት ላይሆን ይችላል።

ድሮ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ለየብቻ ይመረምሩ ነበር። ወታደሩ በጦሩ ሐኪም ታይቶ ከተሰናበተ በኋላ ቪ ኤ ዘንድ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በየካቲት 2007 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በዋልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል የሚታከሙ ቁስለኞች በምን ዓይነት ሁኔታ እንደሚኖሩ፣ በወረቀት ብዛትም እንዴት እንደሚጉላሉ ጽፎ አገር ተናወጠ። ያ ሆስፒታል ያኔ የነበረው እዚሁ ብዙዎቻችን በምንመላለስበት በጆርጂያ አቨኑ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሁለቱን ምርመራ አንድ የሚያደርግ አሠራር እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ በሙከራ ተጀመረ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተስፋፋ። አሁን አይ ዴስ እየተባለ የሚጠራው ይህ ነው። ምርመራው አንድ ሆነ፤ ጥያቄዎቹ ግን ዛሬም ሁለት ናቸው።

እንግዲህ መንገዱን ደረጃ በደረጃ እንየው። ሐኪሙ ሕክምናው አቅሙን እንደጨረሰና ወታደሩ ወደ ሙሉ ሥራው የሚመለስ እንደማይመስል ሲያምን ጉዳዩን ወደ ሕክምና ቦርድ ይመራዋል። ኤም ኢ ቢ የሚባለው ይህ ነው። በዚህ ጊዜ ለወታደሩ ሁለት ሰዎች ይመደቡለታል። አንደኛው ጦሩ የመደበው ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፤ ፔብሎ ይሉታል። ወረቀቱን ከቢሮ ቢሮ የሚያንቀሳቅሰውና ቀጠሮውን የሚነግረው እሱ ነው። ሁለተኛው የቪ ኤ አስተባባሪ ነው። ከዚህ ሁለተኛው ሰው ጋር ተቀምጦ ወታደሩ ቁጥሩ 21-0819 የሆነ ቅጽ ይሞላል። እህቶቼ፣ ከሁሉም ወረቀት ይህን አስታውሱልኝ። ጦሩ ቦርድ ያስገባበት ጉዳት ለብቻው ይመዘገባል፤ ወታደሩ በአገልግሎቱ ያገኘው ሌላ ሕመም ሁሉ ደግሞ እዚያው ቅጽ ላይ ይዘረዘራል። ጉልበቱ ተጎድቶ ቦርድ የገባ ልጅ ጆሮው የሚጮህበትን፣ ወገቡን፣ ራስ ምታቱን፣ እንቅልፍ ማጣቱንም የሚጽፈው እዚያ ነው። እዚያ ያልተጻፈውን ማንም አይመረምርለትም።

ቅጹ ተሞልቶ ሲያልቅ ምርመራው ይከተላል። ከምርመራው በኋላ ሐኪሙ የታሪክ ማጠቃለያ ይጽፋል። አለቃውም ወታደሩ በሥራ ላይ ምን መሥራት እንዳቃተው የሚገልጽ ደብዳቤ ይጽፋል። ቢያንስ ሁለት ሐኪሞች የሚገኙበት ቦርድ ይህን ሁሉ አይቶ የትኛው ሕመም ከጦሩ የጤና መስፈርት በታች እንደሆነ ይወስናል። ወታደሩ ውጤቱን ሲያይ ጉዳዩ የማይመለከተው ሌላ ገለልተኛ ሐኪም መዝገቡን እንዲያይለት መጠየቅ ይችላል። ማጠቃለያው የጎደለው ነገር ካለም በጽሑፍ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። የሚሰጠው ጊዜ ግን በቀናት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የጦሩን ነጻ ጠበቃ ማግኘት ያለበት ቦርዱ ከተጀመረ አንሥቶ እንጂ ውጤቱ ከወጣ በኋላ አይደለም። ጠበቃው አንድ ሳንቲም አያስከፍልም፤ የሚሠራውም ለወታደሩ ነው።

ቀጥሎ ፋይሉ ፒ ኢ ቢ ወደሚባለው ሁለተኛ ቦርድ ይሄዳል። ይህ ቦርድ በመጀመሪያ ሰውየውን ሳያይ ወረቀቱን ብቻ አንብቦ «ለአገልግሎት ብቁ ነው» ወይም «ብቁ አይደለም» ይላል። ብቁ ካልሆነ ቪ ኤ ለእያንዳንዱ ሕመም በመቶኛ የሚሰጠው ደረጃ ይቀርብለታል። ይህ ለወታደሩ ሲነገረው የ10 ቀን ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። በነዚያ ቀናት ውስጥ ውሳኔውን መቀበል ይችላል። «ፊት ለፊት ቀርቤ ልሰማ» ብሎ መደበኛ ችሎት መጠየቅ ይችላል። ወይም የመቶኛው ቁጥር ያነሰ ከመሰለው ቪ ኤ ደረጃውን አንድ ጊዜ እንደገና እንዲያይለት ማመልከት ይችላል። ብቁ አይደለህም የተባለ ወታደር ችሎቱን መጠየቁ መብቱ ነው፤ ጠበቃም አብሮት ይቀርባል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ቁጥር ያዙልኝ፤ 30። አገልግሎቱ ከ20 ዓመት በታች የሆነ ወታደር፣ ጦሩ ከሥራ ያስወጣውን ጉዳት 30 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ብሎ ከመዘነው ጡረተኛ ሆኖ ይወጣል። ከ30 በታች ከሆነ የአንድ ጊዜ የስንብት ገንዘብ ተሰጥቶት ይሰናበታል። ጡረተኛው ትራይኬር የሚባለውን የጦሩን የጤና መድን ለራሱ፣ ለባለቤቱና ለልጆቹ ይዞ ይወጣል። የተሰናበተው ግን ይህ የለውም።

በምሳሌ ላስረዳ። አራት ዓመት ያገለገለች አንዲት ልጃችንን እናስብ። ጉልበቷ ተጎድቶ ቦርድ ገባች። ጉልበቷ 20 በመቶ ተባለ። ጦሩ የቆጠረው ይህን ብቻ ከሆነ የምትወጣው በስንብት ነው። ስሌቱ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የሁለት ወር መነሻ ደመወዝ ስለሆነ የስምንት ወር ደመወዝ በእጇ ይገባል። ለወጣት ልጅ ብዙ ገንዘብ ይመስላል። ነገር ግን ጉዳቱ በጦርነት ቀጠና ወይም በጦርነት መሰል ግዳጅ ላይ የደረሰ ካልሆነ፣ ቪ ኤ ለዚያው ጉዳት በየወሩ ከሚከፍላት ላይ ያን ገንዘብ እስኪያወራርድ ድረስ ይቆርጣል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ብድር እንጂ ስጦታ አይደለም።

አሁን ይህችው ልጅ ወገቧንም ያማታል እንበል። ጥይት የማይበሳው ከባድ ሰደርያ ለብሳ፣ ቦርሳ ተሸክማ መሮጥ ያቃታት በጉልበቷ ብቻ ሳይሆን በወገቧም ምክንያት ነው። ይህ ተነግሮ፣ ተጽፎ፣ አለቃዋም በደብዳቤው አንሥቶት ቢሆን ኖሮ፣ ቦርዱም ወገቧ ከሥራ የሚያስወጣ ነው ብሎ 10 በመቶ ቢሰጠው ምን ይሆን ነበር? የቦርድ ሒሳብ እንደ ሱቅ ሒሳብ አይደመርም። ሰው ሲጀመር 100 በመቶ ጤነኛ ነው ይባላል። ጉልበቱ 20 ሲወስድ 80 ይቀራል። ወገቡ የሚወስደው ከቀረው 80 ላይ 10 በመቶውን፣ ማለትም 8 ነው። 20 እና 8፣ 28 ይሆናል። 28 ደግሞ ወደ ቅርቡ አሥር ሲጠጋጋ 30 ነው። ልጅቷ ጡረተኛ ሆነች ማለት ነው። በስንብትና በጡረታ መካከል የነበረው «ወገቤንም ያመኛል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

ሐቁን ለመናገር ያህል፣ እንዲህ ያለችው ወጣት ጡረተኛ የጦሩን ጡረታና የቪ ኤን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ደርባ አትቀበልም፤ አንዱ በሌላው ይቀነሳል። ትልቁ ጥቅም የጤና መድኑ ነው። ልጅ ወልዶ ሐኪም ቤት የተመላለሰ ሰው የመድንን ዋጋ ያውቀዋል። ሌላም ልብ የምትሉት ነገር አለ። ሕመሙ ገና የሚለዋወጥ ከሆነ ጦሩ ወታደሩን በጊዜያዊ ጡረታ መዝገብ ላይ ሊያስገባው ይችላል። ይህ ከሦስት ዓመት አያልፍም፤ በመሐሉም ለድጋሚ ምርመራ ይጠራል። አድራሻ ቀይሮ ጥሪው ሳይደርሰው የቀረ ሰው ክፍያው ሊቋረጥበት ይችላልና ልጆቻችሁ ቤት በቀየሩ ቁጥር አድራሻቸውን እንዲያሳውቁ አስታውሷቸው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። የእኛ ልጆች በዚህ መንገድ ላይ የሚጎዱት በእንግሊዝኛ ማነስ አይደለም፤ ብዙዎቹ ከእኛ የተሻለ ይናገራሉ። የሚጎዳቸው እኛ ያስተማርናቸው መልስ ነው። «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት። ይህ መልካም መልስ ነው፤ ለጎረቤት፣ ለንስሐ አባት፣ ለአክስት። ለመርማሪ ሐኪም ግን መልስ አይደለም። ሐኪሙ የሰማውን ይጽፋል። «ደኅና ነኝ» ካለው «ታካሚው ደኅና እንደሆነ ገልጿል» ብሎ ይጽፋል፤ ቦርዱም ያን ያነባል። አባቶቻችን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ለዚህም ይሠራል። በጦሩ ውስጥ ደግሞ ክሊኒክ የሚመላለስ ሰው ሰነፍ እንዳይባል ይፈራል። ልጆቻችን ኢቡፕሮፌን ውጠው ሩጫውን ይሮጣሉ፤ መዝገባቸውም ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ ምርመራው ከመድረሱ በፊት ልጃችሁን ቁጭ አድርጋችሁ አነጋግሩት። ስለ ጥሩው ቀን ብቻ ሳይሆን ስለ መጥፎው ቀንም ይናገር። ሕመሙ በሳምንት ስንት ጊዜ ይነሣል? ሲነሣ ስንት ሰዓት ይቆያል? በዚያ ሰዓት ምን ማድረግ ያቅተዋል? ጉልበትና ወገብ ሲመረመር ሐኪሙ መገጣጠሚያው የት ድረስ እንደሚታጠፍ በመለኪያ ይለካል፤ ሕመሙ የጀመረበት ቦታም ይጻፋል። ጥርሱን ነክሶ እስከ መጨረሻው የሚያጥፍ ጀግና ራሱን ይጎዳል። የሚያመው ቦታ ሲደርስ «እዚህ ላይ ያመኛል» ይበል። ይህን ስል ግን ያልታመመውን ታመምኩ ይበል ማለቴ አይደለም። ሐሰት በሕግ ያስጠይቃል፤ በእግዚአብሔርም ዘንድ ነውር ነው። ከእውነቱ ላይ አይጨመር፤ ከእውነቱ ላይም አይቀነስ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደን የአእምሮ ጉዳይ ነው። አንድ ልጅ ሌሊት እየጮኸ ሲነቃ፣ ሰው ከሚበዛበት ሠርግና ልቅሶ ሲሸሽ፣ በትንሽ ነገር ሲቆጣ «ጸባዩ ተለወጠ» እንላለን፤ ጠበል እንወስደዋለን። ጠበሉን አትተዉ፤ ሐኪሙንም አትተዉ። ጦሩ አንድን ወታደር በአገልግሎት ላይ በደረሰበት ከባድ ድንጋጤ ምክንያት በመጣ የአእምሮ ሕመም ካሰናበተው፣ ሕጉ መጀመሪያ ላይ ከ50 በመቶ ያላነሰ ደረጃ እንዲሰጠውና በስድስት ወር ውስጥ እንደገና እንዲመረመር ያዝዛል። ይህ መብት ዋጋ የሚኖረው ግን ሕመሙ ከታወቀና ከተጻፈ ብቻ ነው። «ስሙ ይጠፋል» ብለን የደበቅነው ልጅ መብቱንም ሕክምናውንም አብሮ ያጣል። ልጃችሁ ራሱን ስለ መጉዳት የሚያወራ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ። 988 ደውሉና 1ን ተጫኑ፤ ለወታደሮችና ለቀድሞ ወታደሮች ሌት ተቀን የሚሠራ መሥመር ነው። ቤተሰብም መደወል ይችላል።

እናት በዚህ ውስጥ ምን ሥልጣን አላት? በሕጉ ፊት ልጃችን አዋቂ ነው። እሱ ካልፈቀደ ሐኪሙም ፔብሎውም ምንም አይነግረንም። ስለዚህ ቢሮ ሄደን ከመቆጣታችን በፊት ልጁ የፈቃድ ወረቀት እንዲፈርምልን እንጠይቀው። እምቢ ካለም አናስገድደው፤ ሌላ የምናደርገው አለን። ምስክርነት መጻፍ እንችላለን። ቪ ኤ ቁጥሩ 21-10210 የሆነ የምስክር ቃል መስጫ ቅጽ አለው። ሚስትም፣ እናትም፣ አብሮ ያገለገለ ጓደኛም ያየውን ሊጽፍበት ይችላል። «ልጄ በጣም ተሠቃይታለች፣ እባካችሁ እርዷት» ብሎ መጻፍ ልብ ይነካል፤ ለቦርዱ ግን ምንም አይነግረውም። «ከመግባቷ በፊት ደረጃውን እየሮጠች ትወጣ ነበር። ከተመለሰች ወዲህ መደገፊያውን ይዛ አንድ በአንድ ነው የምትወጣው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ካልሲዋን የማጠልቅላት እኔ ነኝ» ብትሉ ግን ይህ ማስረጃ ነው። ያያችሁትን፣ መቼ እንዳያችሁት፣ ስንት ጊዜ እንዳያችሁት ጻፉ። በአማርኛ ጻፉት፤ የማኅበራችን አባላት ተርጉመው ከእናንተ ጋር ቁጭ ብለው ያነቡላችኋል።

ሁለተኛው ድርሻችን ወረቀት መያዝ ነው። አንድ ማኅደር ግዙ። የሐኪም ወረቀት፣ የራጅ ውጤት፣ የቀጠሮ ደብዳቤ፣ የአለቃ ደብዳቤ፣ የተፈረመ ቅጽ ሁሉ ቅጂው በቀኑ ቅደም ተከተል ይግባበት። ከጀርባው ላይ ደግሞ ከማን ጋር፣ መቼ፣ ምን እንደተባለ የሚጻፍበት ደብተር ይሁን። ልጃችሁ ያገለገለው በናሽናል ጋርድ ወይም በተጠባባቂ ጦር ከሆነ ጉዳቱ በግዳጅ ላይ ሳለ መድረሱን የሚያረጋግጠው ወረቀት ከሁሉ በፊት ይፈለጋል፤ ያ ከሌለ ሌላው ሁሉ ይደናቀፋል። ከባድ አካላዊ ጉዳት የደረሰበትም ከሆነ ከወታደር የሕይወት መድኑ ጋር ተያይዞ የሚከፈል የአደጋ ካሳ አለ። እንደ ጉዳቱ ዓይነት ከ25,000 እስከ 100,000 ዶላር ይደርሳል፤ ከቦርዱ ውሳኔም ጋር አይገናኝም። ብዙ ሰው አያውቀውምና ይጠይቅ።

ሦስተኛው ድርሻችን ልጁን ከችኮላ መያዝ ነው። የጦሩ እቅድ ይህን ሁሉ በ180 ቀን ገደማ መጨረስ ነው፤ አንዳንዱ ከዚያ ይረዝማል። ልጁ ይሰለቻል። ጓደኞቹ ሄደዋል፤ እሱ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። «የሰጡኝን ሰጥተውኝ ልውጣ» ይላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የምንለው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ በእጁ ሲገባ አያስፈርሙት፤ «ጠበቃዬን አነጋግሬ እመለሳለሁ» ይበል። ሕጉ የሰጠውን 10 ቀን ይጠቀምበት። የቤት ኪራይ አስጨንቆት ከሆነ የሚቸኩለው፣ ያንን ለእኛ ይንገረን። አንድ ወር ኪራይ መደጎም ይቻላል፤ የተፈረመ ወረቀት መመለስ ግን ከባድ ነው።

ገንዘብ የሚጠይቋችሁንም ተጠንቀቁ። ለቪ ኤ የመጀመሪያ ማመልከቻ አዘጋጅቶ ለማስገባት ማንም ገንዘብ መቀበል በሕግ አይፈቀድለትም። «ከሚመጣው ላይ የተወሰነ ወር ክፍያ ስጡኝ» የሚል ሰው ከመጣ በሩን አሳዩት። አሜሪካን ሊጅን፣ ዲ ኤ ቪ፣ ቪ ኤፍ ደብሊው የሚባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ፈቃድ ያላቸው ሠራተኞች አሏቸው፤ በነጻ ይሠራሉ። ከማንኛውም ሰው ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት በቪ ኤ የታወቀ መሆኑን አረጋግጡ።

ከእናንተ መካከል «ልጄ እኮ ይህን ሳያውቅ ከወጣ ቆየ» የምትል እናት ትኖራለች። ተስፋ አትቁረጪ፣ እኅቴ። ለቪ ኤ ለማመልከት የጊዜ ገደብ የለም። በተሰናበተ በአንድ ዓመት ውስጥ ካመለከተ ክፍያው ከተሰናበተበት ማግስት ይታሰብለታል፤ ከዚያ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ካመለከተበት ቀን ነው። ስለዚህ ዛሬ ከነገ ይሻላል። ቪ ኤ ወስኖ ውሳኔው ካልተስማማው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት መንገድ አለው፤ አዲስ ማስረጃ ይዞ መመለስ፣ ከፍ ያለ ባለሙያ ፋይሉን እንዲያይለት መጠየቅ፣ ወይም ወደ ይግባኝ ቦርዱ መሄድ። ከመስከረም 11 ቀን 2001 እስከ 2009 መጨረሻ ባለው ጊዜ በጦሩ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ተሰጥቶት በሕክምና ምክንያት የተሰናበተ፣ ጡረታም ያላገኘ ልጅ ካላችሁ፣ ኮንግረስ ያን ዘመን እንደገና የሚያይ የተለየ ቦርድ አቋቁሞ ነበርና ከታወቀ የቀድሞ ወታደሮች ሠራተኛ ጋር ስለዚያ ተነጋገሩ። ደረጃው 30 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ደግሞ ባለቤቱንና ልጆቹን፣ እንዲሁም እሱ የሚጦራቸውን ወላጆቹን አስመዝግቦ ከቪ ኤ ተጨማሪ ሊያገኝ ይችላል። በልጇ ገቢ የምትኖር እናት ይህን ልትጠይቅ ይገባል።

ደጋፊዎቻችን፣ የእናንተ ገንዘብ በዚህ ሥራ ላይ የት እንደሚውል መናገር ይገባኛል። ትልቅ ነገር ላይ አይደለም። እናት ልጇ ወዳለበት የጦር ሰፈር የምትሄድበት ቤንዚን ነው። እሷ ስትሄድ ትንንሾቹን የሚይዝላት ሰው ነው። የአማርኛ ምስክርነት የሚተረጎምበት ሰዓት፣ ፋይል የሚባዛበት ወረቀት፣ ልጁ ሳይቸኩል እንዲያስብ የሚያስችለው የአንድ ወር የቤት ኪራይ ነው። ቁጥሩን እንዳስረዳሁት፣ 28 እና 20 መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ አንዲት እናት ጽፋ ያስገባችው አንድ ገጽ ነው። ያን ገጽ የሚያጽፈው የእናንተ እርዳታ ነው።

እናቶቼና እህቶቼ፣ ይህን ስብሰባ ስንጨርስ አንድ ነገር አድርጉልኝ። በጦሩ ውስጥ ያለ ልጅ፣ የእኅት ልጅ ወይም የጎረቤት ልጅ ካላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉለት። «ደኅና ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ደኅና ነኝ ይላችኋል። «የሚያምህ የት ነው? ክሊኒክ ሄደህ አስጽፈኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁት። ያልተጻፈ ነገር ካለ በሚቀጥለው ስብሰባችን ይዛችሁት ኑ፤ ቁጭ ብለን አብረን እናየዋለን። በግዳጅ ላይ ያሉትን በሰላም ያግባልን፤ የተጎዱትን ይማርልን።